የ220 ቮልት ቬንትሌተር ፍጥነት በአርዱዊኖ፦ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ጎንደር የሚኖሩ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ሲሆኑ፣ መተማ ዮሐንስ ሱቅ ላላቸው አጎታቸው የክፍሉን ሙቀት እየለካ ፍጥነቱን በራሱ የሚያስተካክል የጠረጴዛ ቬንትሌተር ሊሠሩላቸው ይፈልጋሉ። ቬንትሌተሩ ባለ ሦስት ቁልፍ ነው። ቁልፉን ሦስተኛው ላይ ትተው ፌዙን (መብራት የሚመጣበትን ሽቦ) በሶሊድ ስቴት ሪሌይ፣ ማለትም የሚንቀሳቀስ አካል በሌለው የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ፣ በኩል አሳለፉት፤ ሪሌዩን አርዱዊኖ ኡኖ ከተባለው፣ በኮድ ከሚታዘዘው ትንሽ ሰሌዳ 9ኛ ፒን (የትእዛዝ እግር) ጋር አገናኝተውም አናሎግራይት በሚባለው ትእዛዝ ከ0 እስከ 255 ያለውን ቁጥር እየቀያየሩ ሞከሩ። ቁጥሩ 60 ሲሆን ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም፤ 128 ላይ እየተንዘፈዘፈ ይዞራል፤ ከ240 በላይ ደግሞ በሙሉ ፍጥነቱ ይሄዳል። «ጥፋቱ የኮዱ ነው ወይስ የዕቃው? ለአምፖል ብርሃን መቀነሻ የሚሸጠው ትራያክ ያለበት ሰሌዳስ ይሆነኛል?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ኮዱም ዕቃውም ለየብቻቸው ሲታዩ እንከን የለባቸውም፤ የማይስማሙት እርስ በርሳቸው ነው። ትራያክ (በትንሽ ምት የሚቀሰቀስ፣ ለግድግዳ መብራት የሚሆን የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ) ያለበት ሰሌዳ ከተወሰነ ጥንቃቄ ጋር ይሠራል። ነገር ግን የእርስዎ ቬንትሌተር ባለ ሦስት ቁልፍ ከሆነ ትራያኩን ትተው ቁልፎቹን በአርዱዊኖ ማዘዝ ይሻልዎታል ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው ትራያክ ስለማልወድ ሳይሆን፣ ለመተማ ሙቀትና ያለ ጠጋኝ ለብዙ ወራት ለሚሠራ ዕቃ የቱ እንደሚበጅ አስቤ ነው። ሁለቱንም መንገድ በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ቁልፍ የሌለው፣ አንድ ፍጥነት ብቻ ያለው ቬንትሌተር ያለው አንባቢ ከትራያክ ሌላ ቀላል ምርጫ የለውም።

በመጀመሪያ ቬንትሌተሩ ለምን እንደተንዘፈዘፈ እንመልከት። የአርዱዊኖ ኡኖ 9ኛ ፒን በአናሎግራይት ሲታዘዝ በሰከንድ 490 ጊዜ ገደማ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ከ0 እስከ 255 ያለው ቁጥር የሚወስነው በርቶ የሚቆይበትን ድርሻ ነው። የግድግዳው መብራት ደግሞ 50 ኸርዝ ስለሆነ እያንዳንዱ ግማሽ ሞገድ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው የኤሲ (አቅጣጫውን እየቀያየረ ለሚፈስ መብራት የሚሆን) ሶሊድ ስቴት ሪሌይ ቮልቴጁ በዜሮ በኩል ሲያልፍ ብቻ የሚከፈት ዓይነት ነው፤ ማለትም በየ10 ሚሊሰከንዱ አንድ ጊዜ ትእዛዙን ያያል፣ በዚያች ቅጽበት ትእዛዙ በርቶ ካገኘው ሙሉውን ግማሽ ሞገድ ያሳልፋል፣ ጠፍቶ ካገኘው ሙሉውን ያስቀራል። በ10 ሚሊሰከንድ ውስጥ የአርዱዊኖው ምት 4.9 ጊዜ ይመላለሳልና፣ ሪሌዩ ትእዛዙን ባየ ቁጥር የሚያገኘው ከበፊቱ በአንድ አሥረኛ ያህል የተንሸራተተ ምት ነው። ቁጥሩ 128 ሲሆን ከአሥር እይታ አምስቱ በርቶ፣ አምስቱ ጠፍቶ ያገኘዋል። ስለዚህ ሞተሩ 50 ሚሊሰከንድ ያህል ሙሉ 220 ቮልት ይቀበላል፣ ቀጥሎ 50 ሚሊሰከንድ ምንም አይደርሰውም፤ ይህም በሰከንድ አሥር ጊዜ ይደጋገማል። ያዩት መንዘፍዘፍ ይኸው ነው። ቁጥሩ 60 ሲሆን ከአሥር ግማሽ ሞገዶች ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ያልፋሉ፤ ሦስት ሲያልፉ ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ፣ አንዱ በሌላው ስለሚሆን በጥቅልሉ ውስጥ እንደ ባትሪ ያለ የአንድ አቅጣጫ ከረንት ይፈጠራል፤ እሱም ሞተሩን አያዞርም፣ ያሞቀዋል፣ ያስጮኸዋል እንጂ። ከ240 በላይ ደግሞ ሪሌዩ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በርቶ ስለሚያገኘው ቬንትሌተሩ የሚቆጣጠረው እንደሌለ ሆኖ ይሄዳል።

ከዚህ የምንወስደው፣ ለኤሲ ጭነት የሚሰጥ ትእዛዝ ከመብራቱ ሞገድ ጋር እኩል መራመድ አለበት። ለውኃ ማሞቂያ ወይም ለምጣድ ቢሆን ኖሮ ዜሮ ላይ የሚከፈተው ሪሌይ ተስማሚ ነበር፤ ምጣድ የአንድና የሁለት ሰከንድ መቆራረጥ አይሰማውም። ሞተር ግን ይሰማዋል።

አሁን ወደ ሞተሩ እንሂድ፤ ፍጥነት ለመቆጣጠር የሚነሳ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የያዘውን የሞተር ዓይነት ነውና። በየቤቱ ያለው የጠረጴዛና የቁም ቬንትሌተር አብዛኛውን ጊዜ ካፓሲተሩ ዘወትር ከተያያዘበት ባለ አንድ ፌዝ ኢንዳክሽን ሞተር ጋር ነው የሚመጣው። የኋላ ሽፋኑን በካቻቢቴ ፈትተው ቢመለከቱ 1 ወይም 2 ማይክሮፋራድ አካባቢ የሆነ፣ 400 ወይም 450 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት ጥቁር ወይም ነጭ ሣጥን ያገኛሉ። እግረ መንገዴን፣ አሮጌ ቬንትሌተር «ደከመ» ሲባል ብዙ ጊዜ የደከመው ይህ ካፓሲተር ነው። ፍጥነት መቆጣጠሪያ ሊሠሩለት የተነሱት ቬንትሌተር ከዱሮው ዘገምተኛ ከሆነ ከሁሉ በፊት ካፓሲተሩን ይለኩት፤ ከተጻፈበት ጎልቶ ከቀነሰ በተመሳሳዩ ይተኩት። ካርቦን ብሩሽ ያላቸው የድሪልና የጁስ መፍጫ ሞተሮች ከዚህ ይለያሉ፤ እነርሱ ለቮልቴጅ ለውጥ ታዛዦች ናቸው። በቅርቡ እየበዙ የመጡት በሪሞት የሚሠሩ ብሩሽ አልባ ቬንትሌተሮች ደግሞ በውስጣቸው የራሳቸው መቆጣጠሪያ ስላላቸው፣ በመግቢያቸው ላይ ትራያክ ማስገባት ያንን ሰሌዳ ማቃጠል ነው።

የኢንዳክሽን ሞተር ፍጥነት በመሠረቱ የሚወሰነው በመብራቱ ፍሪኩዌንሲና በጥቅልሉ የፖል (የመግነጢስ ዋልታ) ቁጥር ነው። ባለ አራት ፖል ሞተር በ50 ኸርዝ መግነጢሳዊ መስኩ በደቂቃ 1500 ጊዜ ይዞራል፤ የሚዞረው አካል፣ ሮተሩ፣ ከዚያ ጥቂት ወደ ኋላ ቀርቶ ይከተለዋል። ቮልቴጁን ብንቀንስ መስኩ ያው 1500 ጊዜ መዞሩን አይተውም፤ የሚቀንሰው የመጎተት ኃይሉ ነው፣ እሱም በቮልቴጁ ካሬ ልክ። ቮልቴጁ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል ማለት ነው። ቬንትሌተር በዚህ መንገድ ሊቀንስ የቻለው ነፋስ የመግፋት ጭነቱ ራሱ ከፍጥነቱ ጋር በካሬ ስለሚወርድ ነው፤ ጉልበቱ ሲያንስ ክንፉ ዝግ ብሎ፣ ጭነቱና ጉልበቱ የሚስማሙበትን ቦታ ፈልጎ ይረጋል። ለወፍጮ ይህን ቢሞክሩ ሞተሩ ዝግ አይልም፤ ጨርሶ ይቆማል፣ ከዚያም ይቃጠላል።

ይህ አቀናነስ ዋጋ ያስከፍላል። ሮተሩ ከመስኩ ወደ ኋላ በቀረበት መጠን፣ ወደ ሮተሩ ከሚሻገረው ኃይል ያንኑ ያህል ድርሻ በሮተሩ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። 1500 ሊዞር በሚገባው መስክ ውስጥ 750 የሚዞር ሮተር ከሚደርሰው ኃይል ግማሹን ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ በዚያው ሰዓት ደግሞ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የክንፉ ነፋስ ቀንሷል። በእጅ ዳብሰው ሊያረጋግጡት የሚችሉት ነገር ነው፦ በትራያክ ግማሽ ፍጥነት ላይ አንድ ሰዓት የቆየ ቬንትሌተር፣ መብራቱ ተነቅሎ የሞተሩ ጀርባ ሲዳሰስ፣ በሙሉ ፍጥነት ከሠራው ይልቅ ሞቆ ቢገኝ ሊገርመን አይገባም። ስለዚህ ማንም ቢጠይቀኝ ከሙሉ ፍጥነቱ ግማሽ በታች በቋሚነት እንዳያሠራ እመክራለሁ።

ወደ ትራያኩ እንመለስ። ለአምፖል የሚሸጠው ሰሌዳ ሦስት ክፍሎች ካሉት ይሆንዎታል፦ ዜሮ መሻገሪያውን (ቮልቴጁ በዜሮ የሚያልፍበትን ቅጽበት) ለአርዱዊኖ የሚያሳውቅ ክፍል፣ ትእዛዙን በብርሃን የሚያሻግር ኦፕቶካፕለር፣ እና ትራያኩ ራሱ። ኦፕቶካፕለሩን ሲገዙ ቁጥሩን በደንብ ያንብቡ። ኤምኦሲ3021 በፈለግነው ቅጽበት ይከፈታል፤ ኤምኦሲ3041 ግን በውስጡ የዜሮ መጠበቂያ ስላለው በሞገዱ መካከል ክፈት ቢሉት አይሰማም። በመልክ መንትያ ስለሆኑ ባለሱቁ አንዱን በሌላው ቢሰጥዎት አይፍረዱበት፤ ግን አይቀበሉት። ሌላም አለ፤ የ220 ቮልት ሞገድ ጫፉ 311 ቮልት ይደርሳል፣ የኤምኦሲ3021 አቅም ደግሞ 400 ቮልት ነው። ጠፍቶ የነበረ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ሊፈጠር የሚችለውን ድንገተኛ ዝላይ ስናስብ ይህ ልዩነት ጠባብ ነውና፣ ከተገኘ 600 ቮልት የሚችለው ኤምኦሲ3052 የተሻለ ነው። ለሁለቱም ከአርዱዊኖው 5 ቮልት በ220 ኦም ሬዚስተር በኩል 17 ሚሊአምፔር ያህል ይደርሳቸዋል፤ ይህም ይበቃቸዋል።

የዜሮ መሻገሪያው ክፍል ቀላል ቢመስልም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የተለመደው አሠራር መብራቱን በሁለት ባለ 47 ኪሎኦም ሬዚስተሮችና በዳዮድ ድልድይ አሳልፎ ፒሲ817 ወይም 4ኤን35 ኦፕቶካፕለር ማብራት ነው። ሁለቱ ሬዚስተሮች አንድ ላይ ግማሽ ዋት ያህል ሙቀት ያወጣሉ። እያንዳንዳቸው ሩብ ዋት የሚችሉ ከሆኑ ያለ ምንም ትርፍ አቅም በጫፋቸው ላይ እየሠሩ ነው ማለት ነው፤ ከወራት በኋላ ይጠቁራሉ፣ ሰሌዳውንም ያጠቁራሉ። ባለ ግማሽ ወይም ባለ አንድ ዋት ያድርጓቸው። ሁለት የሚደረጉትም ሙቀቱን ለመካፈል ብቻ ሳይሆን 311 ቮልቱን ለመካፈል ነው፤ ትንንሽ ሬዚስተሮች የሚችሉት የቮልቴጅ ወሰን አላቸውና። ከዚህ ክፍል የሚወጣው ምልክት ደግሞ እውነተኛው ዜሮ ላይ አይነሳም። ቮልቴጁ ገና ወደ ዜሮ ሲወርድ የኦፕቶካፕለሩ ብርሃን ቀድሞ ስለሚደክም ምልክቱ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊሰከንድ ያህል ቀድሞ ይመጣል። ይህን በኮዱ ውስጥ እንደ ቋሚ ቁጥር ካልደመሩት የሚያዙት መዘግየት ሁሉ በዚያው ያህል የተዛባ ይሆናል።

ከምልክቱ በኋላ ያለው ሥራ ጊዜ መቁጠር ነው። ምልክቱ 2ኛው ፒን ላይ ሲደርስ ኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩ ሌላውን ሥራ አቋርጦ የሚመልሰው ጥሪ) ይነሳል፣ የተወሰነ ጊዜ ይጠበቃል፣ ከዚያ ትራያኩ ይቀሰቀሳል፤ ትራያኩ ከተቀሰቀሰ በኋላ ከረንቱ እስኪያልቅ ድረስ በራሱ በርቶ ይቆያል። ጥበቃውን በኢንተራፕቱ ውስጥ ዲሌይማይክሮሰከንድስ በሚባለው ትእዛዝ የሚያደርጉ ብዙ ምሳሌ ኮዶች አሉ፤ ፕሮሰሰሩ በየ10 ሚሊሰከንዱ ብዙውን ጊዜውን ቆሞ ስለሚያሳልፍ ሌላ ሥራ መሥራት አይችልም፣ አይጠቀሙባቸው። የኡኖው ፕሮሰሰር የኤቲሜጋ328ፒ ጊዜ ቆጣሪ፣ ታይመር 1፣ የሚቆጥርበት ምት በ8 ሲከፈል በግማሽ ማይክሮሰከንድ ይቆጥራል፤ አንድ ግማሽ ሞገድ 20,000 ቆጠራ ይሆናል፣ ባለ 16 ቢት ስለሆነም ያለ ችግር ይይዘዋል። 9ኛውን ፒን የሚያዘው ይኸው ታይመር 1 መሆኑን ግን ያስታውሱ፤ አናሎግራይት ከኮዱ መውጣት አለበት።

የመዘግየቱና የቮልቴጁ ግንኙነት ቀጥተኛ አይደለም። ጭነቱ እንደ አምፖል ቢሆን ኖሮ፣ ከ220 ቮልት ላይ ከዜሮው 2.5 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ የሚከፈት ትራያክ 210 ቮልት ያህል ያሳልፍ ነበር፤ 3.3 ሚሊሰከንድ ሲዘገይ 197፣ 5 ሲዘገይ 156፣ 6.7 ሲዘገይ 97። የመጀመሪያው ሩብ ብዙም ለውጥ የማያመጣ ሲሆን ከመካከል በኋላ ግን ቮልቴጁ ገደል ይገባል። ስለዚህ ሙቀቱን ወደ መዘግየት በቀጥታ የሚቀይር ቀመር ከመጻፍ ይልቅ አራት ወይም አምስት ደረጃዎችን በሙከራ መርጦ በኮዱ ውስጥ በሠንጠረዥ ማስቀመጥ ይሻላል። ሲሞክሩ በሚለኩበት መሣሪያም ይጠንቀቁ። ርካሹ መልቲሜትር ሞገዱ ሙሉ ነው ብሎ በመገመት ስለሚያሰላ በትራያክ የተቆረጠን ሞገድ አሳንሶ ያነባል፤ «ትሩ አርኤምኤስ» የሚል ምልክት ያለው ካልሆነ በቁጥሩ አይመኩ፣ ክንፉን ይመልከቱ።

ቬንትሌተር ከአምፖል የሚለይበት ዋናው ነጥብ ከረንቱ ከቮልቴጁ ወደ ኋላ መዘግየቱ ነው። ቮልቴጁ ዜሮ ካለፈ በኋላ የበፊቱ ግማሽ ሞገድ ከረንት ገና አላለቀም። በዚያች ሰዓት አጭር የመቀስቀሻ ምት ቢልኩ ትራያኩ ቀድሞ በርቶ ስለሆነ ምቱ ይባክናል፤ ከረንቱ ሲያልቅ ትራያኩ ይጠፋል፣ ቀጣዩ ግማሽ ሞገድም ሳይከፈት ያልፋል። ውጤቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያልፍ ሞገድ፣ ኃይለኛ ጩኸትና ፈጣን ሙቀት ነው። መፍትሔው ከአንድ ምት ይልቅ ከተመረጠው ቅጽበት ጀምሮ ምቱን እየደጋገሙ ወይም ይዘው መቆየት ነው። ነገር ግን እስከ ዜሮው ድረስ መያዝ የለበትም፤ 9 ሚሊሰከንድ ላይ መቋረጥ አለበት። ምቱ ዜሮውን ተሻግሮ ከቀጠለ ቀጣዩን ግማሽ ሞገድ ከመጀመሪያው ይከፍተዋል። «በጣም ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ ሳደርገው ድንገት በሙሉ ኃይሉ ፈነጠረ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ትራያኩን ሲመርጡ «ትልቅ ከሆነ አይቃጠልም» በሚል 16 አምፔር የሚችለውን አይምረጡ። 50 ዋት የሚበላ ቬንትሌተር የሚወስደው ከሩብ አምፔር አይበልጥም። ትልልቅ ትራያኮች በርተው ለመቆየት የሚፈልጉት ዝቅተኛ ከረንት ከፍ ያለ ስለሆነ፣ በዚህች ትንሽ ጭነት ላይ አንዳንዱን ግማሽ ሞገድ ይስታሉ። ባለ 4 አምፔሩ ቢቲ136 ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ በሩብ አምፔር የሚያወጣው ሙቀትም ማቀዝቀዣ ብረት አይጠይቅም። ከመቀስቀሻው እግር ውጭ ባሉት የትራያኩ ሁለት ዋና እግሮች መካከል 100 ኦም ሬዚስተርና 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ያስገቡ፤ ካፓሲተሩ ግን ኤክስ2 የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ በቀጥታ ከመብራት ጋር እንዲሠራ የተፈቀደ መሆን አለበት። ሲነሳም ሁልጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ሙሉ ኃይል ሰጥተው ከዚያ ወደሚፈለገው ፍጥነት ያውርዱት፤ በተቀነሰ ቮልቴጅ መነሳት ያቃተው ሞተር ቆሞ ከረንት ይጠጣል።

ሙቀት መለኪያውም ከዚህ ጋር ይጋጫል። ዲኤችቲ22 የሚባለውን ነጭ ሴንሰር የሚያነቡት የተለመዱት ላይብረሪዎች በንባቡ ወቅት ለጥቂት ሚሊሰከንዶች ኢንተራፕት ይዘጋሉ። በዚያች ጊዜ የዜሮ ምልክቱ ወይም የታይመሩ ጥሪ ይዘገያል፣ ቬንትሌተሩም በየሁለት ሰከንዱ ቅንጥብ ይላል፤ ሰውም ስህተቱን በትራያኩ ላይ ሲፈልግ ይውላል። ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው ሙቀት መለኪያ ሲነበብ ግን ኢንተራፕቱ የሚዘጋው በማይክሮሰከንድ ለሚቆጠር ጊዜ ብቻ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ይስማማል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ያለ ትራያክ የሚሆነውን ማሳየት ይቀላል። የእርስዎ ቬንትሌተር ሦስት ቁልፎች ያሉት የሞተሩ ጥቅልል ሦስት ቦታ ላይ ሽቦ ስለተወጣለት ነው። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ፍጥነት የሚስማማውን ጥቅልል አስልቶ ጠምጥሞታል፤ ሞገዱ አይቆረጥም፣ ጩኸት የለም፣ ዜሮ መፈለግ የለም፣ ጊዜ መቁጠር የለም። የሚያስፈልግዎት ባለ 5 ቮልት ሪሌዮች ሦስት፣ በሰሌዳ ላይ ተሠርተው የሚሸጡት፣ ብቻ ናቸው። መጠንቀቅ የሚገባው ሁለት ፍጥነቶች በአንድ ጊዜ እንዳይገናኙ ነው፤ ከተገናኙ በመካከላቸው ያለው የጥቅልል ክፍል በራሱ ላይ ሾርት ሆኖ ይግላል። ይህን በኮድ ብቻ መከላከል አይበቃም፤ አርዱዊኖው ሲነሳ ወይም ሲሳሳት ፒኖቹ ምን እንደሚያደርጉ ዋስትና የለምና። በሽቦ አሠራሩ ይከላከሉት። ፌዙን ወደ መጀመሪያው ሪሌይ መካከለኛ እግር ያስገቡ፤ ሲበራ የሚገናኘውን እግር ወደ ሁለተኛው ሪሌይ መካከለኛ እግር ይውሰዱ። የሁለተኛው ሪሌይ ሲበራ የሚገናኘው እግር ከፈጣኑ ሽቦ ጋር ይያያዝ፤ ሲጠፋ የሚገናኘው እግሩ ደግሞ ወደ ሦስተኛው ሪሌይ መካከል ይሂድ። ሦስተኛው ሲበራ መካከለኛውን ፍጥነት፣ ሲጠፋ ዝቅተኛውን ይሰጣል። በዚህ አያያዝ ሪሌዮቹ በየትኛውም ሁኔታ ቢገኙ ከአንድ በላይ ፍጥነት ሊገናኝ አይችልም፤ የመጀመሪያው ሪሌይ ከጠፋ ደግሞ ሁሉም ጠፍቷል።

የትኛው ሽቦ የትኛው ፍጥነት እንደሆነ ለማወቅ ቀለሙን አይመኑ፣ ቁልፉን ይመኑ። ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ቀለሙ ይለያያል። ሶኬቱ ተነቅሎ፣ መልቲሜትሩን በቢፕ ድምፁ ላይ አድርገው፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ሲጫኑ የመግቢያው ፌዝ ከየትኛው ሽቦ ጋር እንደሚገናኝ እያዩ በናስትሮ ቁራጭ ላይ 1፣ 2፣ 3 ብለው ይጻፉበት። ሪሌዮቹን ሲቀይሩ በቅድሚያ ዋናውን (የመጀመሪያውን) ሪሌይ አጥፍተው፣ 100 ሚሊሰከንድ ጠብቀው፣ ፍጥነቱን መርጠው መልሰው ያብሩ፤ ክንፉ በዚያች ቅጽበት መዞሩን ስለማያቋርጥ ሰው አያስተውለውም። ለሙቀቱ ወሰንም ክፍተት ያኑሩ፦ ወደ ሁለተኛው ፍጥነት በ30 ዲግሪ ከወጣ፣ ወደ አንደኛው የሚመለሰው 29 ሲደርስ ይሁን። አለበለዚያ ሙቀቱ ድንበሩ ላይ ሲዋልል ሪሌዩ ሌሊቱን ሙሉ ሲንቋቋ ያድራል።

ስለ አደጋው አንድ ነገር ከራሴ ልጨምር። ከዓመታት በፊት አራዳ አካባቢ በነበረችኝ ትንሽ ክፍል ውስጥ ትራያክ ያለበትን ሰሌዳ እየሞከርኩ፣ ሞቆ እንደሆነ ለማየት በትራያኩ ጀርባ ያለውን ብረት በጣቴ ነካሁት። የቢቲ136 የጀርባ ብረት ከመካከለኛው እግሩ ጋር አንድ ነው፤ 220 ቮልት ላይ ነበር። ክንዴን እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ፣ ወንበሩም ወደ ኋላ ተገለበጠ። ቢቲኤ በሚል ፊደል የሚጀምሩት ትራያኮች ጀርባቸው በውስጥ የተሸፈነ ነው፤ ቢቲቢና ቢቲ136 ግን አይደሉም። ከዚያ ወዲህ የመብራቱ ሶኬት ከግድግዳው ተነቅሎ ጠረጴዛዬ ላይ ካላየሁት በቀር የኤሲ ሰሌዳ አልነካም። እርስዎም በሰሌዳው ላይ የ220 ቮልቱን ክፍልና የአርዱዊኖውን ክፍል ቢያንስ በ8 ሚሊሜትር ያለያዩ፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ሰሌዳ የሚሠሩ ከሆነ በመካከል ያሉትን የመዳብ ነጥቦች ይፋቁ፣ የስታኞ ጠብታም አይቅርባቸው። መግቢያው ላይ ባለ 1 አምፔር ፊውዝ በፌዙ መስመር ላይ ያድርጉ። ጎንደር ውስጥ ባየኋቸው ብዙ ቤቶች ሶኬቱ ፌዝና ኒውትራሉን አለያይቶ ስለማይጠብቅ፣ መሰኪያውም ተገልብጦ ስለሚገባ፣ ኒውትራል ነው ያሉትን ሽቦ ሁሉ ፌዝ ነው ብለው ይያዙት። ኦሲሎስኮፕ (ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ) ካገኙም የመሬት ክሊፑን በ220 ቮልቱ ክፍል ላይ በፍጹም አያያይዙ።

የመጨረሻው ነጥብ ከቦታው ጋር ይያያዛል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ መተማ ዮሐንስ ወደ 700 ሜትር ገደማ ትገኛለች። ሙቀቱን አስበን እንኳ የመተማ አየር ከጎንደሩ ከአሥር በመቶ በላይ ይከብዳል፤ ክንፉም ያንኑ ያህል ይከብደዋል። ጎንደር በቀዝቃዛው አየር የመረጡት ዝቅተኛ የትራያክ ደረጃ መተማ ሲደርስ ቬንትሌተሩን በታሰበው ፍጥነት ላያዞረው ይችላል። በሞተሩ ሙቀትም እንዲሁ ነው፦ ከክፍሉ አየር 60 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ሞተር ጎንደር 22 ዲግሪ ባለው ክፍል ውስጥ 82 ዲግሪ ላይ ይቆማል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ መተማ ላይ ክፍሉ 40 ሲሆን 100 ይደርሳል። ሪሌዮቹን ከመረጡ ይህ ብዙም አያሳስብዎትም። ትራያኩን ከመረጡ ግን ሠንጠረዡን በኮዱ ውስጥ ቆልፈው አይላኩ፤ ሰሌዳው ላይ ዝቅተኛውን ደረጃ የሚያስተካክል ትንሽ የሚዞር ሬዚስተር ይተዉ፣ አጎትዎም ክንፉ በእርግጠኝነት የሚዞርበትን ቦታ በካቻቢቴ እዚያው እንዲፈልጉት ያሳዩዋቸው። የሬዚስተሩ መዞሪያ ከ5 ቮልቱ ክፍል በኩል፣ ከሣጥኑ ውጭ የሚደረስበት ይሁን።